«ሳንባህ ላይ አንዲት ነጥብ አለች!» ሲባል

የዛሬው ጨዋታችን እንደ ወትሮው ፎንቃ ብቻ አይደለም። ፎንቃም አለበት፣ ራጅም አለበት፣ ደላላም አለበት። በተለይ ለሥራ፣ ለትምህርት ወይም ለውጭ ጉዞ «የጤና ምርመራ አምጡ» የተባላችሁ ወጣቶች፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ምንም ሳያመው፣ ለወግ ያህል፣ ደረቱን ራጅ ይነሳል። ሸሚዙን አውልቆ፣ አገጩን ሰቅሎ፣ «ትንፋሽህን ሳብ፤ ያዝ!» ሲሉት ይይዛል፣ በቃ። በማግስቱ ውጤቱን ሊወስድ ሲሄድ በእንግሊዝኛ የተጻፈች ሁለት መስመር ይሰጡታል። ከመሃሏ አንዲት ቃል ዓይኑ ውስጥ ትገባለች፤ «ኖዱል»። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ «ለሐኪምህ አሳየው» ብላ ቀጣዩን ተራ ትጠራለች። እሱ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሌላ ሰው ነው። ታክሲ ውስጥ ሆኖ ቃሏን ስልኩ ላይ ይፈልጋል፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ «ካንሰር» የሚል ያነባል። ሠፈር ሳይደርስ ኑዛዜውን በሆዱ ጨርሷል።

ሰሞኑን እንዲህ የሆነ አንድ ወጣት የውጤቱን ወረቀት በስልኩ ፎቶ አንስቶ ከረጅም ደብዳቤ ጋር ልኮልኛል። ስሙን አልጠራም፤ እሱም አደራ ብሎኛል። ደብዳቤውን አሳጥሬ ላቅርብላችሁ።

«27 ዓመቴ ነው። መርካቶ የጨርቅ ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው። ዓረብ አገር የሹፍርና ሥራ አግኝቼ ለምርመራ ስሄድ በቀኝ ሳንባዬ የላይኛው ክፍል 7 ሚሊ ሜትር የምትሆን ደመቅ ያለች ኖዱል አለች ተባልኩ። የድሮ ራጅ ካለ ይነጻጸር፣ ሐኪም ይየው ይላል ወረቀቱ። የሦስት ዓመት ፍቅረኛ አለችኝ፤ ሽማግሌ ልልክ ዝግጅት ላይ ነበርኩ። አሁን ግን 'ሌላ ይዣለሁ' ብዬ ልለያት ነው። በሽተኛ አግብታ ዕድሜዋን እንድታቃጥል አልፈልግም። ደላላው ደግሞ 'አትጨነቅ፣ ጤነኛ ልጅ አቀርብልሃለሁ፣ በስምህ ራጅ ይነሳልሃል' ብሎኛል። ሲጋራ አላጨስም። ትንሽ ሳል አለኝ፤ ወር ሊሞላው ነው። ሌሊትም ያልበኛል፣ ግን የጭንቀት ይመስለኛል። ልጅ ሆኜ አያቴ ቤት ነው ያደግሁት፤ አያቴ ሲያስላት ኖራ ነው የሞተችው። አሁን ከታናሽ ወንድሜ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ እናድራለን። ምን ይሻለኛል?»

ጎበዝ፣ ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። እኔ ትምህርቴን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ የቋጨሁ ሰው ስለሆንኩ በሰው ሳንባ ላይ አልፈርድም። ስለዚህ ወረቀቱን ይዤ ራጅ ማንበብ ሥራዋ ወደሆነ አንዲት ሐኪም ወዳጄ ዘንድ ሄድኩ፤ ያለችኝንም እያብላላሁ ላካፍላችሁ።

ኖዱል ማለት ምን ማለት ነው?

ዶክተሯ ገና ከመቀመጤ «ኖዱል የበሽታ ስም አይደለም» አለችኝ። «ሳንባው ላይ ክብ ነገር አየሁ ማለቴ ነው። ክቡ ነገር ምንድን ነው የሚለው ገና ጥያቄ ነው።»

በባለሙያዎቹ ስምምነት ኖዱል የሚባለው ስፋቱ እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ክብ ወይም ወደ ክብነት የሚጠጋ ነጥብ ነው። ከዚያ ከበለጠ ሌላ ስም ይሰጠዋል፤ ጥርጣሬውም ይከብዳል። የጠያቂያችን 7 ሚሊ ሜትር እንግዲህ አንዲት የሽምብራ ፍሬ ታህል ይሆናል።

ራጅ የተገኘው ጀርመናዊው ዊልሄልም ሮንትገን በኅዳር ወር 1895 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው እጅግ ቢሻሻልም መሠረቱ ያው ጥላ ነው። ፊት ለፊት ያለው፣ መሃል ያለው፣ ጀርባ ያለው ሁሉ ተደራርቦ አንድ ገጽ ላይ ያርፋል። ሲቲ ስካን ግን ደረትን እንደ ዳቦ ስስ ስስ አድርጎ ቆራርጦ ያሳያል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ የተሞከረው ለንደን ውስጥ በ1971 እ.ኤ.አ. ነበር። በራጅ የታየች ነጥብ ብዙ ጊዜ «ሲቲ ይነሳ» የምታሰኘው በዚህ የተነሳ ነው።

አንድ ነገር ያዙልኝ። ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሰች ለስላሳ ነጥብ በተራ ራጅ ላይ በቀላሉ አትታይም። 7 ሚሊ ሜትር ሆና ቁልጭ ብላ ከታየች ብዙውን ጊዜ ካልሲየም ቋጥራ እንደ ኖራ ስለጠጠረች ነው። ይህ ደግሞ እንደምታዩት በጎ ምልክት ነው።

ሹሩባና ቁልፍም «ኖዱል» ይሆናሉ

አትሳቁ! ዶክተሯ ከቆጠረችልኝ ምክንያቶች የመጀመሪያው ይሄ ነው። ነጥቧ ከነጭራሹ ሳንባ ውስጥ ላትሆን ትችላለች። በትከሻ ላይ የወረደ ሹሩባ የሳንባን ጫፍ ሸፍኖ ጥላ ይጥላል። የሸሚዝ ቁልፍ፣ የጡት መያዣ ብረት፣ አንገት ላይ የቀረ ሐብል ወይም መስቀል፣ ቆዳ ላይ ያለ ኪንታሮት ሁሉም ራጁ ላይ ነጥብ ሊሆኑ ይችላሉ። የጡት ጫፍ ራሱ የታወቀ አሳሳች ነው፤ በወንድም በሴትም። በልጅነት ኳስ ስትጫወት ተሰብሮ የገጠመ ጎድንም ጉብ ብሎ ይታያል።

ስለዚህ «ሐብልሽን አውልቂ፣ ፀጉርሽን ወደ ላይ ሰብስቢ» ሲሏችሁ ነገር የፈለጓችሁ አይምሰላችሁ። ነጥቧ አጠራጣሪ ከሆነች የጡት ጫፍ ላይ ትንሽ ምልክት ለጥፈው ድጋሚ ያነሷችኋል፤ ወይም በጎን ያነሷችኋል። ስንቱ ሰው ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥቶ ከርሞ በሁለተኛው ራጅ ነጥቧ የውሃ ሽታ ሆና ትቀራለች።

የድሮ ጠባሳ

ነጥቧ እውነትም ሳንባ ውስጥ ናት እንበል። እንደኛ ባለ አገር ውስጥ በወጣት ሳንባ ላይ ስትታይ በመጀመሪያ የሚታሰበው የቲቢ ነገር ነው። ሮበርት ኮክ የቲቢን ባክቴሪያ ማግኘቱን በርሊን ላይ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1882 ነበር፤ የዓለም የቲቢ ቀን እስከ ዛሬ በዚያ ቀን፣ በእኛ መጋቢት 15፣ የሚታሰበው ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ ባክቴሪያውን በሆነ ጊዜ ወደ ሰውነቱ አስገብቷል። ኢትዮጵያም ቲቢ ከሚበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ ሆና ተመዝግባለች።

ግን ባክቴሪያው የገባበት ሁሉ አይታመምም። በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት ከመቶው ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ናቸው። የቀረነው ሰዎች ሰውነታችን ባክቴሪያውን ከብቦ ዙሪያውን እንደ አጥር ያጥርበታል። ይህች አጥር በሐኪሞች ቋንቋ ግራኑሎማ ትባላለች። ዓመታት ሲያልፉ ካልሲየም ይሰርግባትና ጠጠር ትሆናለች። ኦስትሪያዊው ሐኪም አንቶን ጎን በልጆች ሳንባ ላይ ይህችን የመነሻ ነጥብ መርምሮ በ1912 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አውጥቷታል፤ ዛሬም በስሙ ትጠራለች።

እስቲ አስቡት። አያት ሲያስላቸው እየኖሩ፣ ልጅ በጭናቸው ላይ ተኝቶ ያደገበት፣ መስኮቱ ለብርድ ተብሎ የተደፈነ ቤት ስንት ነው? ከዚያ ቤት የወጣ ልጅ 27 ዓመት ሲሞላው ሳንባው ላይ አንዲት ጠጠር ቢገኝበት ምን ያስደንቃል? ሰውነቱ አንድ ጊዜ ተዋግቶ አሸንፏል ማለት ነው። ይህች ጠጠር ወደ ሰው አትተላለፍም። ከፍቅረኛ ጋር ከመተኛትም፣ ከአንድ ትሪ ከመብላትም አታግድም።

ግን ያ ሳል አይናቅም

እዚህ ላይ ነው ዶክተሯ ፈገግታዋን ያቆመችው። «ጠባሳ አያስልም፤ ሌሊትም አያልብም» አለችኝ። «ልጁ ወር ሊሞላው የደረሰ ሳል አለኝ ካለ ከሁሉ በፊት አክታው ይታይ።»

የራጅ ሥዕል ብቻውን ይህች ነጥብ የተኛች ናት ወይስ የነቃች ብሎ በእርግጠኝነት አይፈርድም። በተለይ የሳንባው የላይኛው ክፍል ቲቢ የሚወደው ሠፈር ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ፣ ደም የተቀላቀለበት አክታ፤ ከነዚህ አንዷ ካለች ጤና ጣቢያ መሄድ የነገ ሥራ አይደለም፣ የዛሬ ነው።

ምርመራው ከባድ አይደለም። ጠዋት ከእንቅልፍ ስትነሱ ከደረት ጠለቅ አድርጋችሁ ስላችሁ የምታወጡት አክታ ነው የሚፈለገው፤ ምራቅ አይደለም። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያ ናሙናው ከገባለት በኋላ በሁለት ሰዓት ገደማ ባክቴሪያው አለ ወይስ የለም ይላል፤ ከዋነኞቹ መድኃኒቶች አንዱን ይቋቋም እንደሆነም ይነግራል። የኤችአይቪ ምርመራም አብሮ ቢደረግ ደግ ነው፤ ሁለቱ በሽታዎች ጓደኛሞች ናቸውና።

ቲቢ ሆኖ ቢገኝስ? ይድናል ጎበዝ! ተራው ቲቢ በስድስት ወር ሕክምና ይድናል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት፣ በቀሪዎቹ አራት ወራት ሁለት። በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው የሚሰጠው። ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ በተጀመረ በሳምንታት ውስጥ ወደ ሰው የመተላለፍ አቅሙ እየደከመ ይሄዳል። አደገኛው ቲቢ ሳይታወቅ እየሳለ ከታናሽ ወንድም ጋር በአንድ ክፍል የሚያድረው ነው።

ሌሎቹ ተጠርጣሪዎች

ቲቢ ብቻውን አይደለም። በቅርቡ የሳንባ ምች ይዞት የዳነ ሰው ሳንባው ላይ ለጥቂት ሳምንታት ክብ እድፍ ሊቀር ይችላል፤ ከአንድ ሁለት ወር በኋላ ራጁ ሲደገም ጠፍቶ ይገኛል። በብብት ወይም በብሽሽት የምናውቀው ንፍፊት ዓይነት ሊምፍ ኖድ ሳንባ ውስጥም አለ፤ ሲቲ ላይ ትንሽ ነጥብ ሆኖ ይታያል፣ ጉዳት የለውም። ሐማርቶማ የምትባል አደገኛ ያልሆነች ዕጢም አለች፤ ውስጧ ስብና ካልሲየም ስላለ አንዳንዴ ልክ እንደ ፈንዲሻ ሆና ትታያለች። ፈንዲሻ ያየ ሐኪም ብዙ አይጨነቅም።

የሌሊት ወፍ ወይም የአእዋፍ ኩስ ከበዛበት ቦታ ከሚነሳ አቧራ ጋር የሚገባ ፈንገስም ልክ እንደ ቲቢ ጠጠር ጥሎ ያልፋል። አሜሪካ ውስጥ በኦሃዮና በሚሲሲፒ ወንዞች አካባቢ በሚኖሩ ሰዎች ሳንባ ላይ ነጥብ ሲገኝ ከዋነኞቹ ተጠርጣሪዎች አንዱ ይኸው ፈንገስ ነው። ስለዚህ እዚያ የምትኖሩ ወገኖች ሐኪማችሁ «የት የት ኖረሃል?» ቢላችሁ ወሬ ፈልጎ አይደለም። የቲቢ አገር ልጅ መሆናችሁን ንገሩት።

ደግሞ ከውሻ የሚመጣ ሃይዳቲድ የሚባል የትል ዘር አለ። ውሻ የታመመ በግ ወይም ከብት ሳንባና ጉበት ጥሬውን ይበላል፤ ከውሻው ኩስ እንቁላሉ በእጅና በምግብ ወደ ሰው ይገባል፤ ሳንባ ውስጥም ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል። ቄራ የሚሠሩ የእንስሳት ሐኪሞች በደንብ ያውቁታል። ከረጢቱን ዝም ብሎ በመርፌ መውጋት አደጋ አለው። እንዲሁም አንዳንዴ ነጥቧ የተጠማዘዘ የደም ሥር ትሆናለች፤ እሷንም መውጋት ደም ያፈስሳል። «ቶሎ ወግታችሁ አውጡልኝ» ብላችሁ ሐኪሙን አታስቸኩሉ የምላችሁ ለዚህ ነው። የአንጓ ብግነት ያለባቸው ሰዎችም ሳንባቸው ላይ ነጥብ ሊወጣ ይችላል።

ካንሰርስ?

አዎ፣ ካንሰርም አለ። መደበቅ አያስፈልግም። ከሳንባው ራሱ የሚነሳ አለ፤ ከሌላ አካል ተነስቶ ሳንባ ላይ የሚያርፍም አለ። ስለዚህ ቀድሞ ካንሰር ታክሞ የሚያውቅ ሰው ትንሽ ነጥብም ብትሆን ቸል ማለት የለበትም።

ግን ልኩን እንወቅ። አሜሪካ ውስጥ ውጤቱ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት 53,454 ሰዎችን መርምሯል። ሰዎቹ እንደ እኔና እንደ እናንተ ያሉ አልነበሩም፤ ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 74 የሆነ፣ በቀን አንድ ፓኮ ቢሰላ 30 ዓመት የሚሆን ሲጋራ ያጨሱ ናቸው። በእነዚህ ሰዎች ላይ እንኳ በሲቲ «አጠራጣሪ ነገር አለ» ከተባሉት ውጤቶች መሃል ከመቶ 96ቱ ካንሰር ሆነው አልተገኙም። በሲቲ የተመረመሩት ደግሞ በራጅ ብቻ ከተመረመሩት ይልቅ በሳንባ ካንሰር የመሞታቸው ነገር በ20 በመቶ ቀንሷል። ከዚህ ሁለት ነገር እንይዛለን። አንደኛ፣ ነጥብ ሁሉ ካንሰር አይደለም። ሁለተኛ፣ ለሚያሰጋው ሰው መከታተል ነፍስ ያድናል።

ሐኪም የሚጨነቀው ምን ሲያይ ነው? ዕድሜ ሲገፋ፣ ሲጋራ ሲኖር፣ ነጥቧ ተለቅ ስትል፣ ጠርዟ እንደ ፀሐይ ጨረር ሲበታተን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እያደገች ስትሄድ። ጠርዟ ለስላሳ ሆኖ መሃሏ ወይም ሁለመናዋ ጠጠር ከሆነ ልቡን ያሳርፋል። ሺሻን «የፍራፍሬ ጭስ ነው» እያላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት የምታቦኑ አራዶች፣ ይህም ትንባሆ ነውና ከሲጋራው መዝገብ ላይ ጻፉት። ሐኪም ሲጠይቃችሁም አትደብቁ።

ጊዜ ራሱ ምርመራ ነው

ብዙ ሰው የሚናደደው «ከስድስት ወር በኋላ ተመለስ» ሲባል ነው። «ሊገድሉኝ ነው እንዴ?» ይላል። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ኢንፌክሽን በሳምንታት ይለወጣል፤ ካንሰር በአብዛኛው በወራት ያድጋል፤ ጠባሳ ግን ንቅንቅ አይልም። ደንዳና የሆነች ነጥብ ሁለት ዓመት ሙሉ መጠኗ ካልተለወጠ አደገኛ አይደለችም ተብሎ ይታመናል። ሲቲ ላይ እንደ ጉም ስስ ሆነው የሚታዩት ግን ቀስ ብለው ስለሚያድጉ እስከ አምስት ዓመት ይታያሉ።

ፍላይሽነር ሶሳይቲ የሚባል የደረት ምርመራ ባለሙያዎች ማኅበር በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ በብዙ አገር ይሠራበታል። ለማያሰጋ ሰው በሲቲ የታየች አንዲት ደንዳና ነጥብ ከ6 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነች መደበኛ ክትትል አያስፈልጋትም። ከ6 እስከ 8 ከሆነች ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ሲቲ ይደገማል። ከ8 በላይ ከሆነች በ3 ወር ይታያል፣ ወይም ፔት የሚባለው ስካን ይነሳል፣ ወይም ናሙና ይወሰዳል። ልብ በሉ፤ መመሪያው የተጻፈው 35 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው፣ ካንሰር ላልነበረባቸውና የሰውነት መከላከያቸው ላልደከመ ነው። ከዚያ በታች ያለን ወጣቶች ጉዳይ በየሰዉ ይታያል፤ በእኛ ዕድሜ ኢንፌክሽን ከካንሰር ይልቅ እጅግ የሚበዛ ምክንያት ነውና።

አንዲት ሒሳብም ላካፍላችሁ፣ እኔን ገርማኛለች። 8 ሚሊ ሜትር የነበረች ክብ ነጥብ 10 ሚሊ ሜትር ብትሆን ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ጨመረች እንላለን። በይዘቷ ግን እጥፍ ሆናለች ማለት ነው! ስለዚህ የድሮ ራጅና ሲቲ እንደ ወርቅ ነው የሚያዘው። ሰኔ 14 ቀን 2012 በነበረው የፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ የራጅ ፊልሙን ቆርጦ ማያ ያደረገ ስንት አለ? ለዓይንም አደጋ ነው፤ ለሳንባም ማስረጃ ማጥፋት ነው። ዛሬ በሲዲ ወይም በስልክ ከሰጧችሁም አስቀምጡት።

«ጨረሩስ?» ላላችሁ፣ የደረት ራጅ ጨረር ሁላችንም ከአካባቢያችን በአሥር ቀን የምናገኘውን ያህል ነው። መደበኛው የደረት ሲቲ ግን የሁለት ዓመት ያህል ይሆናል። ስለዚህ ሐኪም ሲያዝ ይነሳል እንጂ ለልብ ማረፊያ በየወሩ አይነሳም። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የጠረጠረች እህት ደግሞ ቀድማ ትናገር።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ ወንድሜ

መጀመሪያ ደላላውን አሰናብተው። የሌላ ሰው ደረት አንተን አያክምህም። ዓረብ አገር ስትደርስ ለመኖሪያ ፈቃድ ድጋሚ ትመረመራለህ፤ ያኔ ብትያዝ ብድርህን ተሸክመህ ልትመለስ ትችላለህ። የባሕረ ሰላጤው አገሮች መስፈርት በቲቢ ጉዳይ ጠበቅ ያለ ስለሆነ የዳነ ጠባሳ እንኳ ጉዞ ሊያስቀር እንደሚችል ልደብቅህ አልፈልግም። ሥራው ቢቀር ያናድዳል፤ አውቃለሁ። ግን እውነቱን ይዘህ እዚህ መታከምና ባዕድ አገር ላይ እየሳልክ መያዝ እኩል አይደሉም። ወደ አሜሪካ በኢሚግሬሽን የሚሄዱ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ሰዎችም ራጃቸው ካጠራጠረ በሦስት ቀን ሦስት አክታ ይሰጣሉ፤ የሚዘራው ባክቴሪያ እስኪለይ እስከ ሁለት ወር ይጠብቃሉ። ነጥብ ስለታየባቸው ብቻ በር አይዘጋባቸውም።

ሁለተኛ፣ ነገ ጠዋት አክታህን ይዘህ ቅርብህ ያለ ጤና ጣቢያ ሂድ። ወሬ ሰምተህ ከፋርማሲ ሲፕሮ እየገዛህ አትዋጥ፤ እንደሱ ያሉ መድኃኒቶች ቲቢን ለጊዜው ሸፍነው ምርመራውን ያዘገዩታል። ጸበል የምትሄድ ከሆነ ሂድ፤ ኪኒንህን ግን ይዘህ ሂድ። ውጤት እስኪመጣ መስኮት ክፈቱ፣ ስትስል አፍህን ሸፍን፣ ከቻልክ ከወንድምህ ተለይተህ ተኛ። ቲቢ ከተገኘብህ ወንድምህም ፍቅረኛህም ይመርመሩ።

ሦስተኛ፣ የልጅ ቤትህን ጠይቅ። አያትህ ምን ብለው ነበር የታመሙት? ቤተሰብህ ውስጥ የቲቢ መድኃኒት የወሰደ አለ? ከዚህ በፊት ለትምህርት ወይም ለሥራ ራጅ ተነስተህ ታውቃለህ? እነዚህ ሦስት መልሶች ሐኪምህን ብዙ ድካም ያድኑታል። አክታህ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ ራጅህን ይዘህ ነጥቧን የሚያይልህ ሐኪም ጋ ሂድ፤ ሲቲ ያስፈልጋል ካለህ ትነሳለህ፣ አያስፈልግም ካለህ መቼ እንደምትመለስ ጠይቀህ ቀኑን ጻፍ።

አራተኛው ፎንቃው ነው። «ሌላ ይዣለሁ» ልትላት አስበሃል። ለምን? ልታድናት! እስቲ ነገሩን በእሷ ቦታ ሆነህ አስበው። አንተ እንደ ጀግና ያሰብከው ለእሷ ክህደት ነው፤ ዕድሜ ልኳን ምን አጎደልኩ እያለች ትኖራለች። ሳሉ ቲቢ ከሆነ ደግሞ ያልነገርካት ሴት ራሷን ለመመርመር ዕድል አታገኝም፤ የከፈልክላት መስዋዕትነት እሷኑ ያሳምማል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ወረቀቱን አሳያት። «ሳንባዬ ላይ ነጥብ ታይቷል፣ ምን እንደሆነ ገና አልታወቀም፣ ነገ ልመረመር ነው፣ አብረሽኝ ነይ» በላት። ሦስት ዓመት አብራህ የቆየች ልጅ ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ መቆም አይከብዳትም። ሽማግሌውም ይቆይ እንጂ አይቀርም።

ለሁላችሁም ከሐኪም ቤት ሳትወጡ የምትጠይቋቸውን ጥያቄዎች ልተውላችሁ። ነጥቧ ስንት ሚሊ ሜትር ናት? ካልሲየም አላት? ሳንባው የትኛው ክፍል ላይ ናት? አንድ ናት ወይስ ብዙ? ከድሮ ራጄ ጋር ተነጻጽራለች? አክታ መስጠት አለብኝ? መቼ ልመለስ? ሐኪሙ ቢቸኩልም ጠይቁት፤ ካልገባችሁ «በአማርኛ ያስረዱኝ» በሉት፤ መልሱን ጻፉና ከራጁ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡት።

በሚቀጥለው ሳምንት አንዲት እህታችን ስለ ወር ደመወዟና ስለ ወንድ ጓደኛዋ የጻፈችውን ይዤ እቀርባለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ፤ ስማችሁ አይወጣም። እስከዚያው ቸር ሰንብቱ፣ ሳምንት ሰው ይበለን!